የፕሮጀክት አሰልጣኞች ደብተር መዝገብ ይሁን

ተጫዋች የሚያፈራው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው የክለብ ስም ይጠራል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ ሀዋሳ ከተማ፣ መቻል ይላል። ክለቦቹ ግን ልጁን የሚያገኙት አድጎ፣ ጎልብቶና ኳስ ማቆም ተምሮ ነው። ቀና ብሎ መጫወትን፣ ለጓደኛው ማቀበልን፣ ሲሸነፍ ከዳኛ ጋር አለመጣላትን ያስተማረው ሌላ ሰው ነው። ይህ ሰው በየሰፈሩ «ፕሮጀክት» እየተባለ የሚጠራውን የታዳጊዎች ቡድን የያዘ፣ ለሥራው ደመወዝ የማይከፈለው፣ ኑሮውን በሌላ ሥራ የሚገፋ ሰው ነው። ልጁ ወደ ክለብ ሲሄድ የዚህ ሰው ስም አብሮት አይሄድም። መሄድ አለበት እላለሁ። ምስጋና ይገባዋል፤ ከምስጋናው በላይ ግን ስሙ ሳይጻፍ መቅረቱ እግር ኳሳችንን በገንዘብም በእምነትም እየጎዳው ነው።

በሰፈራችን ያለውን ፕሮጀክት ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት የእኅቴ ልጅ በዚያ መጫወት ከጀመረ ወዲህ ነው። ሜዳው ቀይ አፈር ነው። በአንድ በኩል የዛገ የብረት ቋሚ አለው፤ በሌላው በኩል ሁለት ድንጋይ ተቀምጦ ግብ ይባላል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሰልጣኙ ይደርሳል። ሌሊቱን ያደረው ጥበቃ ላይ ነው፤ የደንብ ልብሱን ሱሪ ሳይቀይር የሚመጣበት ቀንም አለ። ኳሶቹን ከማዳበሪያ ውስጥ ያፈስሳቸዋል፤ አንዳንዶቹ በመርፌና በናይለን ክር የተሰፉ ናቸው። ኮን የለም፤ ግማሽ ድረስ አፈር የተሞሉ የውኃ ፕላስቲኮች በመስመር ይቆማሉ። ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ኳሶቹ ጥቂት። ስለዚህ አንዱ ቡድን ኳስ ሲቀባበል ሌላው ይሮጣል፣ ግብ ጠባቂዎቹ ከአንድ ትልቅ ልጅ ጋር ለብቻቸው ይሠራሉ። ሥራ ፈቶ የሚቆም ልጅ የለም። ይህን ያህል ልጅ በዚህ ጥቂት ዕቃ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሥራ ላይ ማቆየት ትልቅ ችሎታ ነው፤ ብዙ መምህራን የሚመኙት ችሎታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የያዘው ደብተሩ ነው። ዝናብ እንዳያገኘው በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በእጅ በተሰመሩት ዓምዶች ውስጥ የልጁ ሙሉ ስም፣ የተወለደበት ዘመን፣ የሚማርበት ክፍል፣ የእናቱ ስልክና የጫማ ቁጥሩ ተጽፎበታል። የጫማ ቁጥሩ ለምን እንደተጻፈ ጠይቄው ነበር። ታኬታ ውድ ስለሆነ እግሩ ያደገበት ልጅ ታኬታውን ይመልሳል፤ አሰልጣኙ ደብተሩን ገልጦ ቁጥሩ 38 የሆነውን ቀጣይ ልጅ ይፈልጋል። በአንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ተጽፏል፤ 36፣ 37፣ 39። አንድ ልጅ ሲያድግ በወረቀት ላይ የታየበት ቦታ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከገጹ ግርጌ ደግሞ የቀሩበት ቀን ይያዛል። ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ የቀረ ልጅ ካለ አሰልጣኙ ቤቱ ይሄዳል።

ልምምዱ ሊያልቅ ሲል አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከሜዳው ዳር ቆመው ነበር። «ኮች፣ ሰኞ ፈተና አለበት፤ ነገ ጨዋታ አለ ብለህ እንዳታስቀረው» አሉት። «እትዬ፣ ደብተሩን ይዞ ይምጣና እዚሁ ያጥና፤ ተራው እስኪደርስ እኔ አጠገቡ ነኝ» አላቸው። ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ አንተ ካለህ» ብለው ሄዱ። «አንተ ካለህ» የሚለው እምነት በማንም ማኅተም የተገኘ አይደለም። እሑድ በእሑድ፣ ዓመት በዓመት የተሠራ ነው።

አሰልጣኙ ብቻውን አይደለም። ቡድን መሪው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ወረዳው በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ተገኝቶ ዕጣ የሚያወጣው፣ ክስ ሲኖር ክስ የሚያስገባው፣ መኪና የሚለምነው እርሱ ነው። ገንዘብ ያዟ ልጇ ከቡድኑ ወጥቶ ኮሌጅ ከገባ በኋላም ሥራውን ያልተወች እናት ናት። ማልያ አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ስላለ ከ13 ዓመት በታች ያሉት ጠዋት ተጫውተው ያወልቁታል፤ ከ15 ዓመት በታች ያሉት ከሰዓት በኋላ ላቡ ሳይደርቅ ይለብሱታል። በልጆቹ ላይ እስከ ጉልበት ይንጠለጠል የነበረው በታላላቆቻቸው ላይ ይጠብባል። ሰኞ እናቶች በተራ ያጥቡታል። ወጌሻ ደግሞ በሰፈሩ የታወቁ አዛውንት ናቸው፤ ጥሩ ዘመናቸውን በሁለተኛ ዲቪዚዮን የተጫወቱ ናቸው ይባላል። ቁርጭምጭሚት ሲወልቅ እርሳቸው ይጠራሉ፤ ሲከፋ ግን ልጁን በባጃጅ ጤና ጣቢያ የሚወስደው አሰልጣኙ ነው፣ ሒሳቡም ከኪሱ ነው። ልጁ ምንም ዓይነት ኢንሹራንስ የለውም።

እነዚህ ሰዎች በስም ሳይታወቁ ለአገር ያስገኙትን ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ለነገሩ የእግር ኳሳችን መነሻም ይኸው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲመሠረት ከጀርባው መሥሪያ ቤትም በጀትም አልነበረም፤ ኳስ የወደዱ ወጣቶች ነበሩ። ከእነዚያ ወጣቶች መካከል የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ ተጫዋች፣ አሰልጣኝ፣ አስተዳዳሪ ሆኖ፣ በመጨረሻም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መራ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳነው እንዲህ ባለ መሠረት ላይ ቆመን ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት የ2005 ዓ.ም. ቡድንም ቢሆን፣ ልጆቹ በየከተማው ሜዳ ያደጉ ነበሩ። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ እስከ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታለች። ማልታ ላይ ግብ ስታስቆጥር ዜና ሠርተናል፤ እንደ ዱራሜ ባሉ ከተሞች ሴት ልጆችን ሰብስቦ የሚያሰለጥነው ማን እንደሆነ ግን ዜና ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው እዚህ ነው። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፣ ፊፋ፣ ተጫዋች በገንዘብ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ተቀንሶ ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉ ክለቦች እንዲከፋፈል ያዛል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ጊዜ በየዓመቱ 0.25 በመቶ፣ ከ16 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ 0.5 በመቶ ይታሰባል። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ በአንድ ቡድን ውስጥ አድጎ፣ ኋላ ላይ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር ለዚያ ቡድን 10 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። በዛሬው ምንዛሪ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ለአንድ የሰፈር ፕሮጀክት ይህ ገንዘብ ለዓመታት የሚበቃ ኳስና ማልያ፣ የወጌሻ ሣጥን፣ የልጆች ኢንሹራንስ፣ የአሰልጣኞች ኮርስ ነው። ቡድኑ የግድ ባለ ደመወዝ መሆን የለበትም፤ በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ አማተር ክለብም ይገባዋል። ክፍያው በትክክል እንዲደርስ ፊፋ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ ላይ የክፍያ ማእከል አቋቁሞ በኤሌክትሮኒክ የተጫዋች ፓስፖርት፣ ማለትም ተጫዋቹ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ በሚያሳይ መዝገብ፣ እየሠራ ነው።

ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ቡድኑ ለአገሩ ፌዴሬሽን አባል ሆኖ የተመዘገበ፣ ልጁም በዚያ ቡድን ስም የተመዘገበ መሆን አለበት። በፌስታል የተጠቀለለው ደብተር ለፊፋ ምንም ማለት አይደለም። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ አገሩ በሙሉ ተደስቷል። እንደ እርሱ ያለ ልጅ ነገም ይወጣል። ሲወጣ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ያለው የፓስፖርቱ ክፍል ባዶ ከሆነ፣ ሕጉ ላሳዳጊው የመደበው ገንዘብ ላሳዳጊው አይደርስም። በሕግ የተሰጠንን መብት ወረቀት ባለመያዛችን ብቻ እናጣዋለን ማለት ነው፤ ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

በዓመት በገንዘብ ወደ ውጭ የሚሸጥ ተጫዋች ስንት ነው የሚል ይኖራል። ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋናው ገንዘብ ያለው አገር ቤት ነው። የፊፋ የዝውውር ደንብ ገና በመጀመሪያው አንቀጹ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን የአገር ውስጥ ዝውውርን በራሱ ደንብ እንዲገዛ፣ ደንቡም ታዳጊዎችን ለሚያሰለጥኑ ክለቦች ዋጋ የሚከፍል ሥርዓት እንዲኖረው ይጠይቃል። የእኛን ፕሪሚየር ሊግ እንይ። በ2013 ዓ.ም. ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀምረው ነበር። የተጫዋቾች ደመወዝ ከመናሩ የተነሣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ ማስቀመጥ ተደርሶ ነበር። አብዛኞቹ ክለቦች ደግሞ የከተማ አስተዳደር፣ የመንግሥት ተቋም ወይም የመንግሥት ባንክ ናቸው፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው ማለት ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለአንድ ተጫዋች ፊርማ ሲከፈል ልጁን ላፈራው ሜዳ ጥቂቱ እንኳ የማይመለስበት ምክንያት አይታየኝም። አንድ ልጅ የመጀመሪያ ውሉን ሲፈርም ክለቡ ከፊርማው ዋጋ የተወሰነ መቶኛ ልጁ በተመዘገበበት ፕሮጀክት የባንክ ሒሳብ ያስገባ። ይህን ለመወሰን የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ስብሰባ ይበቃዋል።

አሁን የሚሆነው ምንድን ነው? የክለብ መልማይ ለውድድር ይመጣል፣ ልጁን ያያል፣ ለወላጅ ስልክ ይደውላል፣ ልጁ ይሄዳል። አሰልጣኙ የሚሰማው ከሌሎቹ ልጆች ነው። መልቀቂያ የሚጠይቀው የለም፤ ያልተመዘገበ ቡድን መልቀቂያ አይጠየቅም። አንዳንዱ ክለብ ደግ ሆኖ ሁለት ኳስ ይሰጣል። አሰልጣኙም ደስ ብሎት ይቀበላል፣ ለልጁም ይመርቃል፤ የዋህነቱ ያስከብረዋል እንጂ አያስወቅሰውም። የተሳሳተው እርሱን በሁለት ኳስ ማሰናበት ልማድ ያደረገው አሠራር ነው።

በጎ ፈቃደኛ ከሆነ ገንዘብ ምን ያደርግለታል የሚል ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ገንዘብ ከገባ ደላላ ይገባል፣ ፍቅሩ ይጠፋል ይላሉ። ተከራካሪዎቹ ስለ ደላላ ያላቸው ፍርሃት ትክክል ነው፤ ግን ደላላው ቀድሞ ገብቷል። ወረቀት የሌለበት ቦታ የደላላ ቤት ነው። «ልጅህን ክለብ አስገባልሃለሁ» ብሎ ከአባት ገንዘብ የሚቀበለው ሰው የሚሠራው ልጁ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳሰለጠነው፣ ማን መልቀቂያ እንደሚሰጥ ስላልታወቀ ነው። እኔ የምለው አሰልጣኙ ደመወዝተኛ ይሁን አይደለም፤ ገንዘቡ ለቡድኑ ይግባ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ይውጣ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለወላጆች ሒሳቡ ይነበብ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በየሰፈሩ ዕድር አለን፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የታሸገ መዝገብ፣ የቀረ የሚቀጣበት ደንብ አለው። ለሚሞቱት ሰዎቻችን ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ለሚያድጉት ልጆቻችን ያው ደንብ አይበዛባቸውም።

ምዝገባው ሌላም ነገር ያስተካክላል፤ የዕድሜ ጉዳይ። የአገራችን የታዳጊ ውድድሮች ሁሉ የሚታመሱት በዚህ ነው። ልደቱን የሚያሳይ ወረቀት ያለው ልጅ ጥቂት ስለነበር ዕድሜ የሚወሰነው በሰው አፍ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች አሁን ወደ ፕሮጀክቶቹ እየገቡ ያሉት ናቸው፤ የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ ሜዳ የሚመጣ የመጀመሪያው ትውልድ ይኸው ነው። ለታላላቆቻቸው ግን ከደብተሩ የተሻለ ማስረጃ የለም። አንድ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ የገባበት ቀን፣ የሚማርበት ክፍል፣ ከዓመት ዓመት የጫማ ቁጥሩ ሲጨምር የተጻፈበት ገጽ በ17 ዓመቱ ይዞት የሚመጣውን የሐሰት ወረቀት ያጋልጣል። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች በሚደረግ ውድድር የእጅ አንጓን በኤምአርአይ እያነሳ ዕድሜ መፈተሽ የጀመረው ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የእኛ ልጆች እዚያ ደርሰው በምርመራ ሲወድቁ የሚያፍረው አገር ነው፤ በጣም የሚጎዳው ግን ቦታው የተወሰደበት እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ነው። በነገራችን ላይ ዕድሜ የሚቀንሱ የፕሮጀክት አሰልጣኞች አሉ፤ መደበቅ የለብንም። ወረዳው ዋንጫ ላመጣ ብቻ ጭብጨባ ሲሰጥ ዋንጫ ለማምጣት ዕድሜ ይቀነሳል። በ12 ዓመቱ ዋንጫ ካነሳ ልጅ ይልቅ በ18 ዓመቱ አሁንም እየተጫወተና እየተማረ ያለ ልጅ የበለጠ ሊያስመሰግን ይገባል።

ስለ ልጆች ደኅንነት ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። በጎ ፈቃደኛ ነው ማለት ማንም ይሁን ማለት አይደለም። የሌላ ሰው ልጅ ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄድ፣ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል የሚገባ፣ በስልክ የሚያዋራ አዋቂ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ በብሔራዊው ፌዴሬሽን ሥር ባሉ የታዳጊ ቡድኖች ውስጥ በነጻ የሚያሰለጥን አባት ሁሉ የወንጀል ታሪኩ ይጣራል፣ ልጆችን ከጥቃት ስለመጠበቅ የሚሰጠውን ሥልጠና መጨረስ አለበት። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ዙሪያ ልጆቻቸውን ኳስ የሚያጫውቱ ወገኖቻችን ይህን አሠራር ያውቁታል፤ ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያንን የሚያሰባስበው የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድርም የቆመው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ነው። ወገኖቻችን በሻንጣቸው ታኬታና ኳስ ይዘው ሲመጡ እናመሰግናለን፤ እንዲህ ያለውን ደንብና ልምድ ይዘው ቢመጡ ደግሞ ከታኬታው ይበልጥ ይጠቅመናል። እዚህ ቢያንስ አሰልጣኙ የቀበሌ መታወቂያውንና ሦስት የሰፈር ምስክር አቅርቦ ይመዝገብ፤ ለጉዞ ሁል ጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር፤ የሴቶች ቡድን ሴት አሰልጣኝ ወይም ሴት ቡድን መሪ ሳይኖረው አይጓዝ። የሚበዙት ቅን አሰልጣኞች በዚህ አይከፉም። እነርሱ ራሳቸው ናቸው ከክፉ ሐሜት የሚጠበቁት።

አሰልጣኞቹ ለምን እንደሚያቆሙም መነገር አለበት። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ ሁለተኛ ሥራ ይይዛሉ። ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ ቡድኑ አብሮ ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ያሉ ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲነሱ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበታትኗል። ቤት ለተነሣ ሰው ምትክ ይታሰባል፤ ሰፈሩ ውስጥ ለነበረው የታዳጊ ቡድን ግን ምትክ አይታሰብም፤ ቡድኑ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለምና። ጃን ሜዳም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የአትክልት ተራን ገበያ ሲቀበል በዚያ የሚሠሩ ታዳጊዎች ሜዳቸውን አጥተው ነበር። ወረርሽኙ ከባድ ነበር፤ ገበያው የትም መሄድ ነበረበት። ነገር ግን በሜዳው ስንት ቡድን እንደሚሠራ የተጻፈ ነገር ቢኖር አማራጭ ቦታና ሰዓት መፈለግ ይቻል ነበር። የማይታወቅ ነገር አይተካም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ጥሩ ሰው ሠራሽ ሣር ያላቸው ትንንሽ ሜዳዎች በየቦታው እየተሠሩ ነው። ደስ ይላል። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቹ በሰዓት የሚከራዩ መሆናቸው ነው፤ ማታ ማታ ከሥራ የሚወጡ አዋቂዎች ያዋጡና ይጫወቱባቸዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ግን ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። የተመዘገበ ፕሮጀክት በሳምንት ሁለት ጠዋት በነጻ እንዲጠቀም ወረዳው ቢወስን ከተማው የሚያጣው ገቢ የለም ማለት ይቻላል። አጥር ጥግ ቆመው አዋቂዎቹ ሲጫወቱ የሚያዩትን ሕጻናት ያየ ሰው ይህን ለመወሰን ብዙ አያመነታም።

ስለ ሥልጠናም አንድ ነገር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ዲ ላይሰንስ ታች ላለው አሰልጣኝ የታሰበ ኮርስ ነው። በተግባር ግን በሥራ ቀን ይሰጣል፣ ክፍያ አለው፣ ጥበቃ ወይም ቀን ሥራ የሚሠራው ሰው ደግሞ አንድ ሳምንት ቢቀር ሥራውን ያጣል። ኮርሱን ቅዳሜና እሑድ ከፋፍሎ መስጠት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ቀን የሚፈጅ የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ለሁሉም ይሰጥ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ውኃ ተረጭቶበት ወደ ጨዋታ ሲመለስ አይቻለሁ፤ በክፋት አልነበረም፣ ባለማወቅ ነው። እንደዚያ ያለ ልጅ በዚያን ቀን መጫወት እንደሌለበት ለአሰልጣኙ የነገረው ሰው አልነበረም።

በየዓመቱ ክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በይፋ ይጀመራል፤ የአረጋውያን ቤት ይታደሳል፣ ደም ይለገሳል፣ ተማሪዎች ይረዳሉ። ወጣቶቹ ሰደርያ ለብሰው ሲሠሩ ይታያል፣ ይመሰገናሉ፣ ይገባቸዋልም። ክረምት ከበጋ፣ ፎቶ ኖረም አልኖረም በየሳምንቱ የሰው ልጅ ይዘው የሚውሉት ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወር ሜዳው ላይ የሚጨመረውን ልጅ ብዛት ያየ ሰው እነዚህ አሰልጣኞች ባይኖሩ ያ ሁሉ ልጅ የት ይውል ነበር ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለወረዳና ለክፍለ ከተማ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች አቀርባለሁ፤ ከእነርሱ በላይ ያለውን ፌዴሬሽን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። አንድ ባለሙያ ሐምሌ ሳይገባ በየሜዳው ይሂድ። የየፕሮጀክቱን ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሳ፣ የአሰልጣኙንና የቡድን መሪውን ስም ይያዝ፣ ለቡድኑ ቁጥር ይስጠው። የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ወረቀቱ ከስሙ ጋር ይያያዝ፤ የሌለው ወላጁ እንዲያወጣ ይነገረው። ዝርዝሩ ለከተማው ፌዴሬሽን ይተላለፍ። ገንዘቡ፣ ኢንሹራንሱ፣ ላይሰንሱ ክርክር ይፈልግ ይሆናል፤ ቢቆዩም ይምጡ። ምዝገባው ግን የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። የፊፋ ቆጠራ የሚጀምረው ከ12ኛ ዓመት ነው፤ ዘንድሮ 12 ዓመት የሚሞላቸው ልጆች አሁን በየሜዳው አሉ፣ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስመዝገብ አስቸጋሪ ነው።